ዝም ያለው የእናት ሆድ

አንድ ጊዜ፣ ሳሩ ከአህያ ጆሮ በላይ በሚያድግበት ዘመን፣ ሸጌ የምትባል አህያ የመጀመሪያ ውርንጭላዋን ወለደች። የመስኩ እንስሳ ሁሉ አራስ ጥየቃ መጣ። አሮጊቷ ላም እትዬ ቦራ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ማንንም አትጠይቂ፤ የእናት ሆድ ሁሉን ይነግርሻል» አለቻት።

የውርንጭላው አባት ዳልቻ ቅር አለው። «ለምን የእናት ብቻ ይባላል? የወላጅ ሆድ ቢባል ምን አለበት?»

«የአባት ሆድማ የሚያውቀው ገብስ ነው!» አለች ላሚቱ። መስኩ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ አላባራም፤ ግማሹ «የእናት» ግማሹ «የወላጅ» እያለ ግጦሹን ረሳ። ዳልቻም አኩርፎ ራቅ ብሎ መጋጥ ጀመረ።

ሸጌ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረባት። ሆዷን ብታዳምጥ፣ ብታዳምጥ አንዲት ቃል አይተነፍስም። «እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?» እያለች በልቧ ታለቅሳለች። የሟች እናቷ ናፍቆት የባሰባት ያኔ ነው። እናቷ ወደ ወንዝ ከመውረዷ በፊት ቆም ትል ነበር፤ ማኘኳን ታቆምና፣ «ሆዴ ጠረጠረ፤ ዛሬ አንወርድም» ትላለች። ትንሿ ሸጌም ጎኗ ሥር ተጠግታ እየሞቀች፣ ይህ ሆድ እንዴት ያለ አዋቂ ነው ትል ነበር።

ክርክሩን ከቁጥቋጦ ሥር የሰማችው ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ሮጠች። «ሳሩ ውስጥ ተኛ፤ ድምፅ እንዳታሰማ። እናቲቱን ለእኔ ተዋት፤ ከውርንጭላው ግን አንድ እግር የእኔ ነው» አለችው።

በማግስቱ ወደ ሸጌ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምነው ከሳሽ? ልጁን እዚህ አስተኚና ወርደሽ ውኃ ጠጪ እንጂ።»

«ብቻውን?»

«ሆድሽ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላለ ምንም የለማ! የእናት ሆድ ይዋሻል እንዴ?»

ሸጌ ሁለት እርምጃ ሄደች። እናቷ ትዝ አለቻትና እንደ እሷ ቆም ብላ ማኘኳን አቆመች። ለካ እናቷ ዝም የምትለው ሆዷን ለመስማት አልነበረም! ጆሮዋ ሳሩ ውስጥ ወደሚንጫጩት ቆቆች፣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞር ነበር። ሸጌም ጆሮዋን አዞረች፤ ማለዳውን ሲንጫጩ የነበሩት ቆቆች ጸጥ ብለዋል። አየሩን ሳበች፤ ጅብ ጅብ ይሸታል።

«ዳልቻ! ድረስልኝ!»

ዳልቻ ኩርፊያውን ጥሎ በረረ። ሁለቱም በርግጫ ሲያጣድፉት አያ ጅቦ እያነከሰ ሸሸና ቀድማ ከተደበቀችው ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። «እኔስ ሆዴ ነግሮኝ ነበር» አላት።

«ምን ብሎ?»

«ራበኝ ብሎ።»

አመሻሽ ላይ ዳልቻ፣ «ሆድሽ ምን ብሎ ነገረሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ሆዴማ አሁንም ዝም እንዳለ ነው» አለችው። «የነገሩኝ ቆቆቹ ናቸው። ና፣ አንተም ስማቸው።»

ጎን ለጎን ቆመው አዳመጡ። ውርንጭላው ጎኗ ሥር ተጠግቶ ይሞቃል። ሸጌ እናቷ ናፈቀቻት፤ ያን ሁሉ ዘመን ነቅታ ስትጠብቃት ኖራ፣ ምስጋናውን ለሆዷ ሰጥታ ነው የሞተችው።

ከዚህ የምንማረው ልጅን የሚጠብቀው «የእናት» ወይም «የወላጅ» የተባለ ሆድ ሳይሆን፣ የማንም ይሁን የማን፣ ነቅቶ የሚያዳምጥ ጆሮ መሆኑን ነው።