በሩን መዝጋት ያሳፈረው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመውበት፣ ሆዱ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ እያስገባና እያስወጣ እዚያው ቤቱ ደሙን የሚያጣራ ሰው። ነርሷ ስታስተምረው አንድ ነገር ደጋግማ ነግራዋለች፦ «ቱቦውን ስትከፍት በሩን ዝጋ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። ጫፏን ምንም እንዳይነካት። ጀርም በዚያች ከገባ ሆድህ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ሰውየው ጠንቃቃ ነበር። ታዲያ ምን ጣለው? ስንፍና ነው? አይደለም። ንቀት ነው? አይደለም፣ ወገኖቼ።

አንድ እሑድ፣ እጁን ታጥቦ ቱቦውን ሊከፍት ሲል፣ ያሳደጉት አጎቱ ጋሼ ተሰማ ከወሊሶ ሊጠይቁት መጡ። ሚስቱ ትርፌ በር ላይ «ትንሽ ይቆዩ» ስትል ከውስጥ ሰማት።

«ምን ማለትሽ ነው? ጋሼን ደጅ ታቆሚያቸዋለሽ? ይግቡ እንጂ!»

ገቡ። ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠ፤ ጉንጫቸውን ሳመ። እንደገና ልታጠብ ቢል የተጸየፋቸው ሊመስል ነው። ይሉኝታ ያዘው። በዚያው እጁ ቱቦዋን ከፈተ።

ብዙም ሳይቆይ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ሩዝ እጣቢ ደፈረሰ። ሆዱን ቆረጠው፤ ትኩሳት አንቀጠቀጠው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ትርፌን «የምንችለውን እናደርጋለን» ብቻ አላት። እንዲህ ሲሏችሁ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጋሼ ተሰማ ነገሩን ሲሰሙ አለቀሱ። «ቆይ ቢለኝ እስኪመሽ ደጅ እቀመጥ አልነበር? ልጄ እኔን እንዲህ ነው የሚያውቀኝ?»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒቱ ሠራለት። አሁን ጋሼ ሲመጡ ደጅ ላይ ዱካ ስበው ይቀመጣሉ። «አትቸኩል ልጄ፣ እዚህ ነኝ» ይሉታል በበሩ በኩል።

እናንተስ? ጓደኛ እንዳይቀየም ብላችሁ የጠጣችሁት የለም? ዘመድ እንዳይከፋው ብላችሁ የእሱን ጠላት አልጠላችሁም? ጉዳት ሁልጊዜ በክፉ ሰው እጅ አይመጣም። በምንወደው ሰው እጅም ይመጣል፤ ያ ሰው ምንም ሳያውቅ። «ቆይ» ማለት ግን ያሳፍረናል። በዚህ ስንቶቻችን ታመምን!

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሕመምተኛ ልትጠይቁ የምትሄዱ አላችሁ። በሩን ተዘግቶ ብታገኙት አትቀየሙ። ዱካ ስባችሁ ተቀመጡ፤ መምጣታችሁንም ንገሩት።