የፊታውራሪ ጓንጉል ቤንዚን

ይህን ያወሩልኝ የደሴ ሰዎች ናቸው፤ ውሸት ከተገኘበት እነሱ ይጠየቁ። ፊታውራሪ ጓንጉል በቅሏቸውን ትተው መኪና በገዙ ጊዜ ይርዳው የሚባል ሾፌር ቀጠሩ። እጁ ለመሪ፣ አፉ ለነገር የተፈጠረ ሰው ነበር። መኪናዋ ግን ቤንዚን አልበቃት አለ፤ ፊታውራሪም ሾፌሬ እየቀዳ ይሸጥብኛል ብለው ጠረጠሩት።

ፊታውራሪ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሞተሩ እንዲጠፋ አይወዱም። ድምፁ ካልተሰማ የጌታውን መምጣት ማን ያውቃል? ቅዳሴው እስኪያልቅ መኪናዋ ደጅ ላይ ስታጓራ ትቆያለች። አንድ እሑድ ሲወጡ ቤንዚኑ ማለቁን ሰሙና፣ «በቅሎዬ በአንድ እስር ሣር ሐይቅ ደርሳ ትመለስ ነበር። ይህችን ምን ነክቷት ነው?» አሉ።

ይርዳው በሩን እየከፈተ፦ «በቅሎዎ እኮ እርስዎ እስኪያስቀድሱ ታስራ ትቆም ነበር እንጂ አትጋልብም ነበር።»

ከዚህ የባሰው አጀቡ ነው። ፊታውራሪ በመኪናም ቢሆን ያለ አጀብ መሄድ ውርደት መሰላቸው። ሃያ አሽከር ጠመንጃውን ተሸክሞ ከፊት በእግሩ ይሄዳል፤ ይርዳው በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ይከተላል። አንድ ቀን ሞተሩ ግሎ ቢጨስ፣ «ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ እኛ እንውረድና አሽከሮቹ ይሳፈሩ። በዚህ መንገድ ቶሎ የሚደርሰው እግረኛ ነው።»

አጀቡ ደክሞ ኋላ በቀረበት ቀን ደግሞ፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወርዱ የአንድ ቀኛዝማች መኪና ከፊታቸው ታየች። ፊታውራሪ፣ «ቀኛዝማች ይቀድመኛል? በል ርገጠው» አሉ። ይርዳው ረገጠውና ቀኛዝማችን አለፋቸው። ጠመዝማዛውን እንዳለፉ መንገዱን የሞላ የከብት መንጋ ገጠማቸውና ፍሬን ይዞ ቆመ። ቀኛዝማችም ቀስ ብለው መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ፊታውራሪ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ቀደምነው አይደል?» አሉ።

«ቀድመናቸዋል ጌታዬ። እነዚህ በሬዎች ግን ሹመታቸው ከእኛም ይበልጣል።»

በመጨረሻ ፊታውራሪ ከሰሱት። በዚያ ዘመን የሌባ ዕጣው ግርፋትና እስራት ነው። ይርዳው ዳኛውን፣ «በየሳምንቱ ቤንዚኑ ይሞላና ክዳኑ በፊታውራሪ ማኅተም ይታሸግ። አንድ ሳምንት እንደ ጌታዬ ልማድ፣ አንድ ሳምንት እንደ እኔ ልማድ ያንኑ መንገድ ልንዳ» ብሎ ለመነ። ተፈቀደለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ማኅተሙ ሳይነካ ቤንዚኑ በአራት ቀን አለቀ። በሁለተኛው ይርዳው፣ ፊታውራሪ ያንገጫግጨኛል ብለው ያስተነፈሱትን ጎማ ነፋ፤ በአቧራ የታፈነውን የአየር ማጣሪያ አራገፈ፤ ሲቆም ሞተሩን አጠፋ፤ አጀቡን ቤት አስቀርቶ ከማንም ሳይሽቀዳደም ነዳ። ማኅተሙ ሲፈታ ቤንዚኑ ከግማሽ በላይ ተረፈ።

ዳኛው ግራ ገባቸው። «አንተ ካልሰረቅህ ቤንዚኑን ሲጨርስ የኖረው ሌባ ማን ነው? ታውቀዋለህ?»

ይርዳው መጀመሪያ ለፊታውራሪ እጅ ነሣ።

«አሳምሬ ነው የማውቃቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ያመላለስኳቸው እኔው ነኝ።»