«ምን ተገኘና?» ያለው እሳት

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ ወሬ ጮክ ተብሎ አይወራም፤ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ጆሮ አለው።

ተድላ የሚባል ገበሬ ነበር። ወንዝ ዳር ያለችው ማሳ የአባቱ እንደሆነች አገር ያውቃል። ሆኖም አንዱ ጎረቤቱ ምስክር ገዛ፤ ምስክሮቹ መስቀል ጨብጠው በሐሰት ማሉ፤ ዳኛውም የሚያውቀውን እንዳላወቀ ሆኖ ፈረደ። ማሳዋ ሄደች። ከምስክሮቹ የአንዱንም ጉሮሮ አጥንት አላነቀውም። ዳኛውም አረጀ እንጂ አላፈረም።

ከዚያ ወዲህ ተድላ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እንደ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ተወ።

«እንዴት አደርክ ተድላ?» ትለዋለች ጎረቤቱ እቴ ዘነቡ ከአጥር ማዶ።

«ምን ተገኘና!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! በሕይወት ማደርህስ?»

«እሱንም ፈርደውብኝ ነው።»

ሚስቱ አስካለ ግን ሌላ ነበረች። በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞራ ታማትብና የቤቱን ነገር አንድ በአንድ እየጠራች ታመሰግናለች። «ጌታዬ፣ ለእሳቱ ተመስገን። ለውሃው ተመስገን። ለመጥረቢያው ተመስገን።»

«ማሳሽን ቀምተውሽ ለጭስ ታመሰግኛለሽ?» ይላታል ተድላ።

«ጭሱን አልቀሙኝማ!»

አንድ ክረምት አስካለን ብርድ መታት። ድምፅዋም ተዘጋ። በዚያ ቤት የሚያመሰግን አፍ ጠፋ። ጭጋጉ ደጃፍ ድረስ መጥቶ በቆመበት በአንድ ማለዳ ከንፈሯ ጠቁሮ ተንቀጠቀጠች፤ በጣቷም ድስቱን አመለከተች። የፈለገችው አንድ ጉንጭ ሙቅ ውሃ ነው። በድስቱ ውስጥ ያለውም አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር።

ተድላ ምድጃው ሥር ተንበረከከ።

«እሳት ሆይ፣ ንደድ! ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

ፍሙ ቀላ፤ ግን አልሞቀም። እጁን ቢያስጠጋው ከመቃብር ድንጋይ ይልቅ ቀዘቀዘው። ከአመዱ ውስጥም ድምፅ ወጣ። የራሱ የተድላ ድምፅ ነበር።

«ምን ተገኘና ልንደድ?»

ተድላ ዞሮ አስካለን አያት። እሷም ሰምታለች፤ ዓይኗ ፈጦ ነበር። ደረቅ እንጨት ቢያገኝ ይነድ ይሆናል ብሎ ወጣ። ከግድግዳው ሥር ግንድ ተጋድሟል።

«ግንድ ሆይ፣ ተፈለጥ! እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

«ምን ተገኘና ልፈለጥ?» አለ ግንዱ በተድላ ድምፅ።

መጥረቢያውን አነሳ።

«መጥረቢያ ሆይ፣ ፍለጥ! ግንዱ አልፈለጥም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። መጥረቢያው ሊጥ ላይ እንደወደቀ ያለ ድምፅ አረፈ።

«ምን ተገኘና ልፍለጥ?»

ወደ መሳያው ድንጋይ ሮጠ።

«ድንጋይ ሆይ፣ ሳለው! መጥረቢያው አልፈልጥም አለ፣ ግንዱ አልፈለጥም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

«ምን ተገኘና ልሳለው?» አለ ድንጋዩ።

በዚህ ጊዜ እቴ ዘነቡ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች። «ምነው ተድላ፣ ከድንጋይ ጋር ክርክር ገባህ? ይግባኝ ልትል ነው?»

«ድንጋይ ይሻላል፤ ጉቦ አይበላም።»

ልትስቅ ነበር፤ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ቀረ። «ማነው የመለሰልህ?» አለች። «ሁለት ድምፅ ሰማሁ። ሁለቱም ያንተ ነው።»

አማተበች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ቤቷ ገባች፤ በሯንም ከውስጥ ቀረቀረች።

ድንጋዩ ውሃ ቢነካው ይስል ይሆናል ብሎ ተድላ ታቅፎት ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ቆሟል። ድምፅ የለውም። ከላይ የመጣ ቅጠል መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«ወንዝ ሆይ፣ ፍሰስ! ድንጋዩ አልስልም አለ፣ መጥረቢያው አልፈልጥም አለ፣ ግንዱ አልፈለጥም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

ውሃው ላይ ያለው የተድላ ፊት አፉን ከፈተ። ተድላ ግን አፉን አልከፈተም።

«ምን ተገኘና ልፍሰስ?» አለው ፊቱ። «ደግሞስ በዚህ ጭጋግ መንገዴን በየት አየዋለሁ?»

«ጭጋግ ሆይ፣ ተነሳ! ወንዙ አልፈስም አለ፣ ድንጋዩ አልስልም አለ፣ መጥረቢያው አልፈልጥም አለ፣ ግንዱ አልፈለጥም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

ጭጋጉ ይበልጥ ተጠጋው፤ ጆሮው ሥርም መጥቶ አንሾካሾከ። «ምን ተገኘና ልነሳ? የሚያነሳኝ ንፋስ የታለ?»

አንዲት ሣር እንኳ አትነቃነቅም ነበር። ተድላ ወደ ላይ ጮኸ።

«ንፋስ ሆይ፣ ንፈስ! ጭጋጉ አልነሳም አለ፣ ወንዙ አልፈስም አለ፣ ድንጋዩ አልስልም አለ፣ መጥረቢያው አልፈልጥም አለ፣ ግንዱ አልፈለጥም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

«ምን ተገኘና ልንፈስ?» አለ ንፋሱ ከሩቅ። «ደረትህ ውስጥ ታናሽ ወንድሜ አለ። መጀመሪያ እሱን ጠይቀው።»

ተድላ ድንጋዩን ጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ቸኩሏል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አወረደው።

«ትንፋሽ ሆይ፣ እርዳኝ! ንፋሱ አልነፍስም አለ፣ ጭጋጉ አልነሳም አለ፣ ወንዙ አልፈስም አለ፣ ድንጋዩ አልስልም አለ፣ መጥረቢያው አልፈልጥም አለ፣ ግንዱ አልፈለጥም አለ፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ውሃው አልሞቀም፣ አስካለ አልጠጣችም።»

«አልጠጣችም» ላይ ሲደርስ አየሩ አለቀ። አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ምንም አልገባም። ከጎድን አጥንቱ መካከል ግን ያ ድምፅ፣ አሁን በጣም ቀስ ብሎ፣ መጣ።

«ምን ተገኘና ልግባ?»

ተድላ በጉልበቱ ወደቀ። ጣቶቹ ጭቃውን ቧጠጡ። ደረቱ ሥር የቀረችው ጭላጭ አየር ለአንድ ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። መጀመሪያ ምላሱ ላይ የመጣው የዳኛው ስም ነው። ለዚያ ስም ዓመት ከዓመት ያስቀመጠው እርግማን ነበረው፤ ሳይረግም መሞት ደግሞ ቆጨው። ግን አስካለ ትዝ አለችው፤ እሱ እዚህ ከቀረ ድስቱን ማን ያቀርብላታል? ይህ ትንፋሽስ? ያን ሁሉ ዘመን፣ እሱ በችሎት ደጅ ሲንከራተት፣ ሳይጠራ ገብቶ ሳይሸኝ የወጣ እንግዳ ነበር። ተድላ ግን አንድ ቀን እንኳ ለሰጪው «ስጦታህን አየሁት» አላለም።

የዳኛውን ስም ዋጠው። ጭላጯንም በሌላ ቃል ላይ አወጣት።

«ተመስገን።»

ትንፋሹ ገባ። ትንፋሹ ሲገባ ንፋሱ ነፈሰ፣ ንፋሱ ሲነፍስ ጭጋጉ ተነሳ፣ ጭጋጉ ሲነሳ ወንዙ ፈሰሰ፣ ወንዙ ሲፈስ ድንጋዩ ረጠበ፣ ድንጋዩ ሲረጥብ መጥረቢያው ተሳለ፣ መጥረቢያው ሲሳል ግንዱ ተፈለጠ፣ ግንዱ ሲፈለጥ እሳቱ ነደደ፣ እሳቱ ሲነድ ውሃው ሞቀ፣ ውሃው ሲሞቅ አስካለ ጠጣች።

«አቃጠለኝ» አለችው ድስቱን ላቀረበላት ለተድላ። ድምፅዋ እንደ ዝገት ሻካራ ነበር።

«ላብርደው?»

«ተወው፣ እንዲሁ ይሻለኛል።» ጭቃ የሆነውን ጉልበቱን አየች። «ከወንዙ በኩል ‹ተመስገን› ስትል የሰማሁ መሰለኝ። ማሳውን መለሱልህ እንዴ?»

«አልመለሱም።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?» አለች፤ በከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ብላ።

«አንቺ ጠጣሽ» አላት።

ምስክሮቹ ዛሬም ደህና ናቸው፤ ማሳዋንም ያው የቀማው ሰውዬ ያርሳታል። ተድላም ይቅር ማለቱ ገና ነው። ግን በየማለዳው፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣ ያማትብና ያመሰግናል፤ አንዳንድ ቀን ከልቡ፣ አንዳንድ ቀን ጥርሱን ነክሶ። ከዚያ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ ዝም ብሎ፣ ትንፋሹ እስኪገባ ይጠብቃል።

እኔ ወሬዬን ጨረስኩ፤ እናንተ አሁን ተንፍሱ።