የጎበጠችው የወርቅ ቅጠል

አንዲት እናት ነበረች፤ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ የምትል። ከእናቷ የወረሰችው ወለባ ነበራት። ሙሽራ ሹሩባዋን ተሠርታ ስታበቃ ፀጉሯ ላይ የሚሰካላት፣ አናቱ በአበባ ቅርጽ የተሠራ የወርቅ ጌጥ ነው። ከአበባው ቅጠሎች አንዷ ግን ጎብጣ ነበር።

እናትየው አየችና አፈረችበት። «ይህን አሮጌ ነገር ለልጄ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ወርቅ ቤት ወሰደችው። አቅልጠው የዘመኑን ሐብል ሠሩላት። ከመቅለጡ በፊት ፎቶ አነሳችው? አላነሳችም። ማን እንደ ሠራው፣ እነማን እንዳጌጡበት ጠየቀች? የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?»

ቅዳሜ ደረሰ። በዚያ ቤት ወግ ወለባውን የምትሰካው የቤተ ዘመዱ ታላቅ ሴት ናት። የእናትየው አክስት እማማ ስህን በምርኩዝ መጡ፤ ከሙሽሪት ከወለላ ኋላ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ አምጪው።»

«እማማ፣ እሱማ አንገቷ ላይ አለ። ያው ወርቁ ነው፤ ምንም አልጎደለም።»

«አቀለጥሽው?»

«ጎባጣ ነበር እኮ!»

«ያጎበጥሽው አንቺ ነሽ!» አሉ አሮጊቷ። «ጥርስ ስታበቅዪ፣ እናትሽ ለበዓል ሰክታው አዝላሽ ሳለ፣ ከፀጉሯ ላይ ነከስሽው። አንጥረኛው ላቅናው ቢላት እንቢ አለች። ‹የልጄ ጥርስ ነው፤ እንዳትነካብኝ› አለችው።»

እናትየው ሐብሉን ከልጇ አንገት ላይ ያዘች። አገላበጠችው። በጣቷ ዳበሰችው። ልሙጥ ነው።

አሁን «ምስኪን» ትላላችሁ አይደል? ምስኪን አይደለችም! አፍ ነበራት፤ አልጠየቀችም። አክስቷ በሕይወት ነበሩ፤ አልሄደችም።

እናንተስ? የእናታችሁን አምባር ማን እንደ ሠራው ታውቃላችሁ? የአያታችሁን የአንገት መስቀልስ? እግዚአብሔር አረጋውያንን በቤታችሁ ያቆየላችሁ ጥግ ይዘው እንዲጦሩ ብቻ ይመስላችኋል? ሳትጠይቁ እሳት ውስጥ ትከታላችሁ፤ ከዚያ «ልጆቻችን ማንነታቸውን አያውቁም» ብላችሁ ታለቅሳላችሁ! ከየት ይወቁት? ማን አሳያቸው?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሳጥኑን ክፈቱ። ያለውን ፎቶ አንሡ፤ የሠራውን ሰው ስም፣ ያጌጡበትን እናቶች ስም ጻፉ። የጎበጠ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። የሚያውቁት ሳያልፉ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። ያጎበጣችሁት እናንተ ብትሆኑስ?