ሣሩ ከሚጀምርበት

«ተረት ተረት» ስል ጮክ ብላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ ውሻ ያለበት ተረት ነው!

አንድ በሰንሰለት የታሰረ ተናካሽ ውሻ ነበር። ሊያሠለጥነው የመጣው ጉረኛ አውራ ዶሮ፣ «ዓይን ዓይኑን ካየሁት ይፈራኛል!» ብሎ አፍንጫው ሥር ቢቆም፣ የጅራቱን ላባ አስረክቦ ሮጠ።

ቀጥላ ኤሊ መጣች። ሰንሰለቱ የሚደርስበት ሁሉ ውሻው ሲራወጥበት ሣሩ ተልጦ ባዶ አፈር ሆኗል። እሷም ልቧ ድው ድው እያለ፣ ሣሩ ከሚጀምርበት ላይ ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠችና መጋጥ ጀመረች። ውሻው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

«አንቺ፣ አትፈሪኝም እንዴ?»

«እንዴት አልፈራህ! ስለምፈራህማ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

ውሻው ሳያስበው ጅራቱ ተወዛወዘ። ኤሊም በየቀኑ ጅራቱን እያየች ጥቂት በጥቂት ተጠጋችው።

ክረምቱ ሲወጣ ያ ባዶ አፈር ሣር ለበሰ። ሁለቱ እዚያ ላይ ጎን ለጎን ፀሐይ ሲሞቁ፣ ጅራት አልባው ዶሮ አጥር ላይ ሆኖ «ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ!» ይላል፤ ወርዶ ግን አያውቅም።