ቁጭ ሜዳ

በዋርካ ውሃ ከተማ ዳር፣ በመንፈሳዊው ዩኒቨርሲቲና በመንግሥት ዩኒቨርሲቲው መካከል ቁጭ ሜዳ የሚባል የኳስ ሜዳ አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ሁለቱ ሲገጥሙ፣ ጠብ የተነሳ እንደሆነ ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ እሱን ተከትሎ ተጫዋቹም ተመልካቹም ይቀመጣል፤ የቆመ ሰው እስካለ ድረስ ጨዋታው አይቀጥልም። እንዲህ ያለ ደንብ በየትኛውም የእግር ኳስ ሕግ ውስጥ አይገኝም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ነገሩን ያመጡት አቶ ምናሉ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ስፖርት መምህር ናቸው። ያን ጊዜ ሁለቱም ገና ኮሌጅ ነበሩ። የመንፈሳዊው ተማሪዎች እየዘመሩ ሜዳውን ሲዞሩ፣ የመንግሥቱ ተማሪዎች ያንኑ ዜማ በስድብ ግጥም ይመልሱት ነበር፤ እነዚያ ሲያሸንፉ «እግዚአብሔር ፈረደ» ይላሉ፣ እነዚህ ሲያሸንፉ «የታለ ታዲያ?» እያሉ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከኳስ አለፈና አንድ ዓመት ከተመልካች መካከል የተወረወረ ድንጋይ በላቸው የተባለውን የመንግሥቱን ኮሌጅ በረኛ አንድ ዓይኑን አጠፋው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያንን ጨዋታ የሚዳኝ ሰው ጠፋ።

በመጨረሻ የሁለቱ ኮሌጆች ሰዎች ወደ አቶ ምናሉ ሄዱ። ወንድማቸው ቄስ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ደግሞ የመንግሥቱ ኮሌጅ ወጥ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ሁለቱም ወገን ተስማማባቸው፤ ሁለቱም ወገን በሆዱ ጠረጠራቸው።

«እባክህ ይቅርብህ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ጉልበትህን እያየኸው!»

«እኔ ብቀር ያለ ዳኛ ይገጥማሉ» አሉ አቶ ምናሉ፣ ጫማቸውን እያሰሩ።

እንደሚነገረው፣ ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የመንፈሳዊው አምበል ዲያቆን ልሳነወርቅ በመንግሥቱ ግብ ክልል ውስጥ ተጠልፎ ወደቀ። አቶ ምናሉ ፊሽካ ነፍተው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። የመንግሥቱ አምበል ሽባባው እየሮጠ መጥቶ ፊታቸው ላይ ጮኸ፦

«የቄሱ ወንድም! ድሮም አውቄው ነበር!»

ከሁለቱም ወገን ተመልካቹ ድንጋይ እየያዘ ወደ ሜዳው ገባ። አቶ ምናሉ ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚህም ከዚያም ከሚመጡት መካከል በልጅነታቸው ሩጫ ያስተማሯቸው ብዙዎች ነበሩ። ሊቆጡ ፈለጉ፤ ቁጣው አልመጣላቸውም። ሊሸሹም አሰቡ፤ እግራቸው እምቢ አለ። ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡና ቅጣት ምቱ ሊመታበት ከነበረው ቦታ ላይ ቁጭ አሉ።

«ይነሱ እንጂ!» አለ ሽባባው። «ፍርዱን ይናገሩ!»

«ደክሞኛል።»

«እና እኛ ምን እናድርግ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እናንተ አልደከማችሁም?»

በዚህ መካከል አንድ ዓይኑ የጠፋው በላቸው ከተመልካቹ ወጥቶ፣ ሰውን እየገፋ መጣ። ሁሉም እሱ የሚያደርገውን ሊያይ ዞረ፤ ይማታል ያለም ነበር። እሱ ግን ከአቶ ምናሉ አጠገብ ሲደርስ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔም ደክሞኛል» አለ።

ሽባባው በኮሌጁ መኝታ ቤት የአልጋ ጎረቤቱንና የልብ ጓደኛውን በላቸውን ቁልቁል እያየ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እሱም ተቀመጠ። ቀጥሎ ዲያቆን ልሳነወርቅ እያነከሰ መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያማ ድንጋይ ይዞ መቆም ያሳፍር ጀመር፤ ሰው አንድ በአንድ እየጣለ ቁጭ አለ። ያች ቅጣት ምት ሳትመታ ቀረች። የመንፈሳዊው ልጆች «ትገባ ነበር»፣ የመንግሥቱ ልጆችም «ይስታት ነበር» እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በኋላ ተማሪዎች ጥበባቸውን ሊያመሰግኑ አቶ ምናሉ ቤት ሄደው ነበር ይባላል።

«ምን ጥበብ አለው?» አሏቸው አቶ ምናሉ። «ጉልበቴ ነው የከዳኝ። እኔ ያስታረቅሁት ሰው የለም።»

እሳቸውም ዳግመኛ ያንን ሜዳ አልረገጡም።

እውነትም እርቅ የለም። ዛሬም እነዚያ ይዘምራሉ፣ እነዚህ ይሳደባሉ፤ ዳኛው ሲቀመጥ እያጉረመረሙ ይቀመጣሉ፣ ሣር እየነጩ ይቆዩና ሲሰለቻቸው ስለ ፈተና መጠያየቅ ይጀምራሉ። አንዳንድ ዓመት እንደተቀመጡ ይመሻል። ያን ጊዜ ሁለቱም ወገን የሱሪውን አፈር እያራገፈ ወደየመጣበት ይመለሳል፤ ደስ ብሎት የሚሄድ የለም፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድም የለም።