ከኋላ ለሚመጣ የሚበራ መብራት

ይስማው የመንግሥት ሥራውን ለቆ በሌላ ከተማ ቤት ተከራየ። ሚስቱ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። በማግሥቱ ይስማው በልጅነቱ ወዳስተማሩት ወደ መምህር ድንበሩ ሄደ። መምህሩ ጓሮአቸው ውስጥ የአትክልት አጥር እየጠገኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ያደረግሁት ሁሉ ለቤቴ ብዬ ነው» አላቸው። «ክፉ አላሰብኩም። ሰው የሚሠራውን አውቆ በትክክል ከሠራ፣ አስቀድሞ መናገር ለምን ያስፈልገዋል?»

መምህሩ የያዙትን ሽቦ አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ብዙ ዘመን የኖረው መንገድ በሌለበት በረሃ ነው። የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ሰዎች ከሰፈር ሰፈር መለዋወጫና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። የሚነዳው ሞተርም ለዚያ አገር የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ ድምፁ ጆሮ የሚያደነቁር። መብራት የለውም፣ ፍሬቻ የለውም፣ ስፖኪዮና ታርጋም የለውም። ለማን ብሎ? በዚያ አሸዋ ላይ ከፊቱም ከኋላውም ሰው አልነበረም። ሲፈልግ ይፈተለካል፤ ሲፈልግ የእጁን ፍሬን ጨምቆ ባለበት ቀጥ ያደርገዋል።

ቁፋሮው ሲያልቅ አሠሪዎቹ ሞተሩን መረቁለት። እሱም መኪና ላይ አስጭኖ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ወዳሉበት ደጋ ተመለሰ።

ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ናት። አስፋልቱ ከእሷ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ተሽከርካሪ ተመርምሮ ታርጋ የሚሰጥበት ቢሮ ያለው ከታች ባለችው ከተማ ነው። አንድ የመድኃኒት ነጋዴ ሞተረኛውን አይቶ ወደደው። «ታርጋ ያለው ሞተር ይዘህ ሰኞ ና» አለው። «ካልመጣህ ግን ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ሞተረኛው ሞተሩን ጋራዥ አስገባ። መካኒኩ ጥርሳሙን ጎማ አውልቆ ለአስፋልት የሚሆን አስገባለት። ጩኸቱን የሚያፍን ማርሚታ ገጠመ፤ የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስ አከለበት። ሞተረኛው አጠገቡ ቆሞ ሲያይ ደስ አላለውም። በየቀኑ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ሞተሩ የእሱ መሆኑ እየቀረ የሄደ መሰለው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። የእግሩን ፍሬን ስትረግጥ የኋላው ቀይ መብራት ይበራል። የእጁን ስትይዝ ግን አይበራም። የእጁ ማብሪያ እዚህ ስለሌለ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።»

«መርማሪዎቹ የእጁንም ያያሉ?»

«ማየት አለባቸው። አንዳንዴ ግን የእግሩን ብቻ አስረግጠው ያሳልፋሉ።»

«እንግዲያው ይበቃኛል።»

«እኔ ስለ መርማሪዎቹ አይደለም የምልህ» አለ መካኒኩ። «አንተ የለመድከው በእጅ መያዝ ነው። ድንገት አንድ ነገር ቢገባብህ የምትይዘው እሱን ነው።»

«ፍሬን መያዜን እኔ አውቀው የለ?»

«አንተማ ታውቃለህ» አለ መካኒኩ። ሞተረኛው ሞተሩን እየገፋ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱም ልጁን ለማስከተብ ወደ ታችኛው ከተማ መውረድ ነበረባት። ሕፃን ይዞ ሞተር ላይ መቀመጥ አይሆንምና ባጃጅ ያዘች። ሹፌሩ ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «አንተ ከፊት ከፊት ሂድ፤ እኔ እከተልሃለሁ» አለው። ሞተረኛው የምርመራውን ጊዜያዊ ፈቃድ ኪሱ ከቶ መንገድ ጀመረ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ርሷል። ሞተረኛው በስፖኪዮው የሚስቱን ቢጫ ሻሽ ያያል። መጀመሪያ በዝግታ ወረዱ። በኋላ ግን ልቡ ወደ ቢሮው ሄደ። ቅዳሜ የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው፤ ወረፋው ከረዘመ ሰኞ ባዶ እጁን ሊቀርብ ነው። ስለዚህ ፈጠን አለ። የባጃጁም ሹፌር እንዳይርቀው ብሎ ፈጠን አለ።

አንዱን ኩርባ እንደታጠፉ ጭድ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት አገኘ። ሐሳቡ ከመድረሱ በፊት እጁ ፍሬኑን ጨመቀ። ሞተሩ ሳይንሸራተት፣ ሳይወላወል፣ ከመጀመሪያዋ አህያ አፍንጫ ሥር ቀጥ ብሎ ቆመ። ለአፍታ ያህል በራሱ ኮራ። ወዲያው ከኋላው የጎማ ፉጨትና የብረት ድምፅ ሰማ።

ቀዩ መብራት አልበራም ነበር። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩ የሚሄድ እየመሰለው መጥቶ፣ መቆሙን ያወቀው ከጀርባው ሲደርስ ነው። ከመግጨት መሪውን ማዞር መረጠ። ያዞረበት ወገን ገደሉ ነበር። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ባጃጁን ከሆዱ ያዘው እንጂ የፊት ጎማው አየር ላይ ነው።

ሞተረኛው ሞተሩን ባለበት ጥሎ ሮጠ። የባጃጁን የኋላ ብረት ጨብጦ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ብረቱ ሲንቋቋ ይሰማዋል። ሚስቱ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ አፍጥጣ ታየዋለች። ልጁ አያለቅስም። ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራው የልጁ ዝምታ ነበር።

ሁለቱ ባለአህዮች ደርሰው ከግራና ከቀኝ ያዙ። አንደኛው የጭነት ገመድ ፈትቶ ብረቱን ከመንገዱ ማዶ ካለ ዛፍ ጋር ማሰር ጀመረ።

«መጀመሪያ ልጁን» አለ ሹፌሩ ከፊት ሳይንቀሳቀስ። «ከዚያ እሷን። እሷ ስትወርድ ግን ኋላው ይቀላል፤ እኔን ይዞ እንዳይሄድ አጥብቃችሁ ያዙ።»

ልጁ በአንደኛው ባለአህያ እጅ ወጣ። ሲወጣ አለቀሰ። ሞተረኛው የያዘውን ብረት አልለቀቀም። ሚስቱ በእንብርክኳ ወጣች። እውነትም ባጃጁ ወደ ፊት ዘመም አለ። ገመዱ ተወጠረ። የሦስቱም ሰዎች እግር በረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራተተ፤ ሹፌሩ ወደ ጎን ተወርውሮ መንገዱ ላይ ሲወድቅ ትከሻው ወለቀ።

ባጃጁን ስበው አወጡት። ሹፌሩ ትከሻውን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሞተረኛው ፊቱ መጥቶ ቆመ።

«አህዮቹ ድንገት ነው የገቡብኝ» አለ። «እኔ ግን በደንብ ነው የቆምኩት።»

«አይቻለሁ። በደንብ ቆመሃል» አለ ሹፌሩ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «መቆምህን ግን ለምን አልነገርከኝም?»

ሞተረኛው የሞተሩን የኋላ መብራት አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «መብራቱ እንደማይበራ አውቅ ነበር» አላት።

«ለሹፌሩ ነግረሃቸው ነበር?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለእኔስ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ልጁን አዝላ ከባለአህዮቹ ጋር በእግሯ ቁልቁል ወረደች።

ሹፌሩን የሚያልፍ መኪና ወደ ሐኪም ወሰደው። ሞተረኛው ብቻውን ቀረ። ቢሮው ገና ክፍት ነው። ወርዶ የእግሩን ፍሬን ቢረግጥላቸው ምናልባት ታርጋውን ይዞ ይመለሳል። ሞተሩን አነሣ፤ ፊቱን ወደ ላይ አዞረ፤ ሞተሩን ሳያስነሣ የመንገዱን ዳር ይዞ በዳገቱ እየገፋው መውጣት ጀመረ። ሰኞ ዕለት ያ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ማብሪያው ሲመጣ መካኒኩ ገጠመው። ሞተረኛው «አንተ ውጣና ያዝ» አለውና ከሞተሩ ኋላ ሄዶ ቆመ። ያን ሁሉ ዘመን ሲነዳው ሌላ ሰው ተቀምጦበት ከኋላ አይቶት አያውቅም። መካኒኩ የእጁን ፍሬን ያዘ፤ ቀዩ በራ። ለቀቀ፤ ጠፋ።

«ድገመው» አለ ሞተረኛው። ደጋገመለት። ሞተረኛው ግን ከቆመበት ቶሎ አልተነቃነቀም። ምርመራ በሄደ ጊዜም መርማሪው የእግሩን ብቻ አስረግጦ ሊያሳልፈው ሲል «የእጁንም እዩልኝ» ብሎ አሳየ።

መምህር ድንበሩ እዚህ ላይ ታሪኩን አቁመው ወደ ይስማው ዞሩ።

«ያ መብራት ለነጂው ምንም አይሠራለትም» አሉት። «ሞተሩን አያፈጥነውም፣ አያቆመውም። ነጂው እየነዳ ሊያየው እንኳ አይችልም። የሚበራው እሱን አምኖ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ነው። አንተም ብቻህን በነበርክበት ዘመን ለማንም ሳትናገር ትቆም፣ ትታጠፍ ነበር፤ ማንንም አልጎዳህም። አሁን ግን ከኋላህ ሚስትህና ልጆችህ አሉ፤ ስትፈጥን ይፈጥናሉ።»

ይስማው አንገቱን ደፋ።

«ሥራህን መልቀቅህ ልክ ነው ወይ ብለህ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልፈርድም። ወደ እሷ ስትሄድ ግን ልክ መሆንህን ልታስረዳት አትሂድ። አውቀህ እንዳልነገርካት ንገራትና የምትልህን ስማ። በደንብ ቆመህ ይሆናል፣ ልጄ። እሷ ግን መቆምህን ያወቀችው ገደሉ አፋፍ ላይ ሆና ነው።»